ሪሲቨሩን ከጀርባው አንብቡት

መርካቶ ገብታችሁ «ሪሲቨር አለ?» ብትሉ፣ ሻጩ «ለኢትዮሳት ነው ለናይልሳት?» ብሎ ነው የሚመልስላችሁ። አይፈረድበትም፤ እኛ ዘንድ ሪሲቨር ማለት የዲሽ ዕቃ ሆኖ ቀርቷል። እኔ የማወራው ብዙ ሰው በደፈናው «አምፕ» ስለሚለው ሌላኛው ሪሲቨር ነው። ከቴሌቪዥኑ፣ ከዲቪዲውና ከጌሙ የሚመጣውን ሁሉ ተቀብሎ ድምፁን ለአምስት፣ ለሰባት ስፒከር የሚያድለው ያ ከባድ ጥቁር ሣጥን። ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ ፊቱን ያያል፤ ትልቋን የድምፅ ቁልፍ አዟዙሮ፣ መብራቷን አብርቶ ይረካል። እኔ ግን አዙራችሁ ጀርባውን እዩ እላለሁ። እዚያ የተደረደሩት ቀዳዳዎች አንዱ በአንዱ ላይ እየተጨመረ የመጣ የሰባ ዓመት ታሪክ ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።)

ስሙ ከሬዲዮ የመጣ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጥሩ ድምፅ የሚወድ አሜሪካዊ የሬዲዮ መቀበያውን ለብቻ፣ ማጉያውን ለብቻ ገዝቶ በሽቦ ያገናኝ ነበር። ሐርማን ካርደን የተባለው ኩባንያ በ1954 ሁሉንም በአንድ ሣጥን ከቶ «ፌስቲቫል» ብሎ አወጣው። ሞገድ ተቀባይ ስለሆነ ሪሲቨር ተባለ። ስለዚህ የመርካቶው ሻጭ ከቃሉ አመጣጥ ብዙም አልራቀም። ዛሬ ከዕቃው ጀርባ፣ ጥግ ላይ ተገፍታ የምትታየው የአንቴና ቀዳዳ ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት።

ስቴሪዮ ደግሞ ከፊልም ቤት ቅሬታ ተወለደ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብለምላይን ከባለቤቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ፣ ተዋናዩ ሸራው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ድምፁ ካለበት ንቅንቅ አለማለቱ አናደደው ይባላል። በ1931 መጨረሻ ሁለት ስፒከር ድምፅን እንዴት ቦታ ሊያስይዙት እንደሚችሉ የሚያስረዳ የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባ። ሐሳቡ ሰው ሳሎን እስኪደርስ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ወሰደ፤ የስቴሪዮ ሸክላ በ1958 አካባቢ ገበያ ወጣ፣ አሜሪካም በኤፍኤም ስቴሪዮ እንዲተላለፍ የፈቀደችው በ1961 ነው። ብለምላይን አላየውም። በ1942፣ በ38 ዓመቱ፣ የራዳር ሙከራ ላይ ሳለ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ሰባዎቹ የዋት ዘመን ነበሩ። የጃፓን ፋብሪካዎች አንዱ ሌላውን ለመብለጥ ሲሽቀዳደሙ ፓዮኒር በ1978 ኤስኤክስ-1980 የሚባለውን አወጣ፤ ለእያንዳንዱ ቻናል 270 ዋት፣ ክብደቱ 35 ኪሎ ገደማ። ከዚያ በፊት ማስታወቂያው ሁሉ ያሻውን ቁጥር ይጽፍ ስለነበር የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ1974 ደንብ አውጥቶ፣ አምፕ ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለውን ጉልበት አምራቾች እንዲናገሩ አስገደደ። ደንቡ ግን እኛ ጋ አይደርስም። ካርቶን ላይ በትልቁ ተጽፎ የምናየው «3000 ዋት ፒኤምፒኦ» ማንም ያልተስማማበት፣ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ቁጥር ነው፤ እንዳልተጻፈ ቁጠሩት። እውነተኛው ቁጥር መመሪያው ውስጥ በትንንሽ ፊደል ይገኛል። አንዱ ዕቃ «100 ዋት፣ 1 ኪሎኸርዝ ላይ፣ አንድ ቻናል ብቻ ሲሠራ» ቢልና ሌላው «80 ዋት፣ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ፣ ሁለት ቻናል አብሮ ሲሠራ» ቢል፣ እኔ ሰማንያውን እወስዳለሁ። ደግሞም ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ» የሚለው ያህል። ለዚያች ትንሽ ብሎ በጀቱን በእጥፍ ከሚያሳድግ ሰው ጋር አልከራከርም፤ ብሩ የራሱ ነው።

በዚያው ዘመን አንድ ትልቅ ክስረት ደረሰ፤ ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚጥመው እሱ ነው። ሁለት ስፒከር ካማረ አራት ይብለጥ ተባለና ሲቢኤስ «ኤስኪው»፣ ሳንሱይ «ኪውኤስ»፣ ጄቪሲ «ሲዲ-4» ብለው እርስ በርስ የማይግባቡ ሦስት ዘዴዎች አመጡ። ገዢው የትኛው ሸክላ ከየትኛው ዕቃ ጋር እንደሚሄድ ግራ ገባው፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ገበያው ሞተ። ጥበቡ ግን አልሞተም። አራት ድምፅ በሁለት መስመር ውስጥ አጣጥፎ መክተት፣ ማዶ ሲደርስ መልሶ መዘርጋት ይቻላል የሚለውን ሐሳብ የሬይ ዶልቢ ኩባንያ ለፊልም አዋለው። በ1977 ስታር ዋርስን በተዘጋጁ ሲኒማ ቤቶች ያዩ ሰዎች መርከቡ በአናታቸው ያለፈ የመሰላቸው በዚህ ነው። ዘዴው በ1982 «ዶልቢ ሰራውንድ» ተብሎ ቤት ገባ፤ በ1987 «ፕሮ ሎጂክ» ንግግሩን መሐል ለሚቀመጠው ስፒከር ለይቶ መስጠት ቻለ። ሁለት መስመር ብቻ ስለሚበቃው በተራ ስቴሪዮ ቪዲዮ ካሴት ላይ ተጣጥፎ ይጓዝ ነበር። ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ካየናቸው ካሴቶች አንዳንዶቹ ይህንን ሳይሸከሙ አልቀሩም፤ እኛ በአንዲት የቴሌቪዥን ስፒከር ቡጢውን ብቻ ሰማን።

ከዚያ ዲጂታሉ መጣ። በ1992 ባትማን ሪተርንስ በዶልቢ ዲጂታል፣ በ1993 ጁራሲክ ፓርክ በዲቲኤስ ሲኒማ ቤት ገቡ፤ ዲቪዲ ተከትሎ 5.1ን፣ ማለትም አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር፣ ሳሎን አደረሰው። በ2012 የዶልቢው «አትሞስ» ድምፁን ጣሪያ ላይ አወጣው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቤት ሆነ። 5.1.2 የሚል ጽሑፍ ካያችሁ የመጨረሻዋ ሁለት የጣሪያዎቹ ቁጥር ናት።

ጀርባውን ያጨናነቀውም ያቃለለውም ኤችዲኤምአይ ነው። በ2002 መጨረሻ ምስልና ድምፅን በአንድ ገመድ አደረገ፤ በ2009 «አርክ» ተጨምሮበት ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፑ በዚያው ገመድ መመለስ ጀመረ፤ በ2017 «ኢአርክ» ሰፋ አድርጎት አትሞስን ሳይቀንስ ያሳልፍ ጀመር። ግን በጣም ቶሎ የሚያረጀውም ይኸው በር ነው። በ2020 መጨረሻ አዲስ የተባሉ በርካታ ሪሲቨሮች፣ ኤችዲኤምአይ 2.1 አለን እያሉ፣ ከኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ የሚመጣውን ባለ 120 ፍሬም 4ኬ ማሳለፍ አቅቷቸው ስክሪኑ ጠቆረ። ማጉያው ምንም አልሆነም፤ ችግሩ በሩ ላይ ያለችው ቺፕ ነበረች። የሰባዎቹ አምፕ በቀይና ነጭ ጃክ ዛሬም ይዘፍናል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ማጉያው ላይ አውሉ፤ ጌሙን በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ አገናኙና ድምፁን በኢአርክ ወደ አምፑ መልሱት። በሩ ቢያረጅ አይቆጫችሁም።

የኮንዶሚኒየም ሳሎን ላለው ሰው 5.1 ይበቃል፤ የቀረውን ብር ለስፒከሮቹ ይጨምር። ዘጠኝ ቻናል ገዝቶ አምስቱን የሚጠቀም ሰው አራቱን ለሻጩ መርቆለታል።

አሁን ከጀርባው በጣም ትንሿን ጽሑፍ ፈልጉ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ አጠገብ ናት። እኔ ያላነበብኳት እሷን ነው። ዘመዴ ከሜሪላንድ በሻንጣ ተሸክሞ ያመጣልኝን አምፕ፣ የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚችል አይቼ ይሄም ይችላል ብዬ ሶኬት ላይ ሰካሁት። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ይል እንደነበር ያየሁት ሽታው ቤቱን ከሞላው በኋላ ነው። የእኛ መብራት 220 ነው። የአሜሪካ ዕቃ ያለው ሰው ጉልበቱ ከአምፑ ፍጆታ የሚበልጥ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ለፀጉር መላጫ የሚሸጠው ትንሹ አይሆንም።

ገዝታችሁ ቡፌው ላይ ስታስቀምጡት ከላዩ የሚታዩት ክፍተቶች የሙቀት መውጫ ናቸው። ዳንቴሉን ለሌላ ዕቃ አልብሱት።