ሁለቴ የተማርናት ፊዚክስ

በ2012 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ስንገባ አንድ ነገር በር ላይ ጠበቀን። ፍሬሽማን ይባላል። ታላላቅ እህቶቻችን አያውቁትም፤ አባቶቻችን ግን አሳምረው ያውቁታል።

ከመካከላችን ናቹራል የነበሩት የጄኔራል ፊዚክስን ሞጁል ገለጥ ገለጥ አድርገው ሳቁ። ቬክተር፣ የኒውተን ሕጎች፣ ፈሳሽ፣ ሙቀት፣ ሞገድ፣ ኤሌክትሪክ… «ይሄማ የመሰናዶው ነው!» (እኛ ሶሻሎቹ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ከፊዚክስ ጋር በሰላም ተለያይተን ስለነበር ዳር ቆመን ነው የሳቅነው።)

ሁለቱ እንዴት አንድ መሰሉ? ነገሩ ታሪክ አለው።

ድሮ ማትሪክ 12ኛ ክፍል ላይ ነበር። ያለፈ ሰው ዩኒቨርሲቲ ይገባና አንድ ዓመት በፍሬሽማንነት ይበጠራል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሻንጣውን የሚሸክመው ብዙ ስለነበር «ክሪስማስ ግራጁዌት» የሚል ቀልድ ተርፎልናል። ሚያዝያ 1986 ዓ.ም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ወጣ። በ1993 አገር አቀፉ ፈተና ወደ 10ኛ ክፍል ወረደ፤ 11ኛና 12ኛ መሰናዶ ተባሉ። በ1996 የገቡት ተማሪዎች ያለ ፍሬሽማን በቀጥታ ወደ ትምህርት ክፍላቸው ተመደቡ፤ አብዛኛው የአራት ዓመት ዲግሪም ሦስት ሆነ። ፍሬሽማን ተሰረዘ ከሚባል ይልቅ ዩኒፎርም ለብሶ ሃይስኩል ገባ ቢባል ይቀላል።

ታዲያ አብሮት ምን ወረደ? ርዕሶቹ ወርደዋል። ችግሩ የኮሌጅ ፊዚክስ ከሃይስኩሉ የሚለየው በርዕስ ብቻ አለመሆኑ ነው። የክረምት ዝናብ እንውሰድ። ከ1,000 ሜትር ከፍታ የወረደች ጠብታ፣ በሸመደድነው ቀመር ስትሰላ፣ መሬት ስትደርስ በሰከንድ 140 ሜትር ትከንፋለች። በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ጃንጥላ ይቅርና ቆርቆሮም አይችላት! በእውነቱ ግን ትልቋ ጠብታ እንኳ ከ9 ሜትር በሰከንድ ብዙም አታልፍም። አየሩ ይይዛታላ፤ በፈጠነች ቁጥር ደግሞ አጥብቆ ይይዛታል። አክስለሬሽኑ በየቅጽበቱ ሲለዋወጥ የሃይስኩሏ ቀመር እጅ ትሰጣለች፤ ካልኩለስ ይጠራል። በእኛ ጊዜ መሰናዶ ግን ካልኩለስ ያለው የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ውስጥ ነው፤ የእንቅስቃሴ ትምህርቱ 11ኛ ላይ አልቋል። ሁለቱ ሳይገናኙ ተላለፉ።

ላብራቶሪውም በብዙ ትምህርት ቤት አብሮ አልወረደም። በምትኩ በ1997 ፕላዝማ መጣ። ስቱዲዮ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይነጉዳል፤ ክፍል ያለው መምህር መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይደርሰዋል። እጅ አውጥቶ «አልገባኝም» የሚባል ነገር የለም። ለማን ይባላል?

በ2010 የትምህርት ፍኖተ ካርታው ለውይይት ቀረበ፤ በ2012 ፍሬሽማን ተመለሰ። የመሰናዶው ርዕሶች ግን እዚያው ነበሩ። ሁለት ዓመት የፈጀው ፊዚክስ በአንድ ሴሚስተር ኮርስ ታጥፎ፣ ለሐኪሙም ለኢንጂነሩም እኩል ቀረበ። በእኛ ግምት ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ክለሳ ማቅረቡ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሃይስኩል የተማረ ያስመስላል።

በዶርማችን አንዲት ልጅ ነበረች። ያን ቀን እሷም ሞጁሉን አይታ «የመሰናዶው ነው» ብላ ስቃለች። ፈተናው ሲደርስ ማታ ማታ ኮሪደር ላይ አምፑሉ ሥር ተቀምጣ ስታነብ ስናያት፣ አንዳችን ጠጋ ብለን «አንቺ፣ ይሄ ክለሳ አይደለም እንዴ?» አልናት። እሷ የመጣችበት ትምህርት ቤት ፕላዝማው ተበላሽቶ የቆመ ነበር፤ የፊዚክስ መምህሩም 11ኛ ክፍል አጋማሽ ላይ ለቆ ሄዷል። አሜትር የምታውቀው በሥዕል ነው።

«እናንተ ስትስቁ ጊዜ ነው እኮ የሳቅኩት» አለችን።