በፕሮቲን ውስጥ ማን ከማን ጋራ ይነካካል? የአንድ ምርምር አጭር ታሪክ

ታሪክ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ነው። ነገር ግን ዕውቀትም የራሱ ታሪክ አለው፤ እርሱም ድካምና ትዕግሥት፣ ተስፋና ክርክር አይጎድለውም። እኔም በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መታሰቢያ መጽሔት ላይ ለማቅረብ የመረጥሁት በዓይን የማይታይ ነገር ታሪክ ነው፤ ይኸውም በፕሮቲን ውስጥ ካሉት አሚኖ አሲዶች ማን ከማን ጋራ እንደሚነካካ ሊቃውንት እንዴት መርምረው እንዳወቁ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው፣ በሆዳችን ምግብ የሚፈጨው፣ ጡንቻችንንም የሚያንቀሳቅሰው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ 20 ዓይነት ጥቃቅን ክፍሎች ሲሆን፣ እነዚህም እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በአንድ ክር ላይ ተራ በተራ የተሰኩ ናቸው። መቁጠሪያውን ዘርግቶ ለሚያየው ሰው የ1ኛው ፍሬ ጎረቤት 2ኛው ብቻ ነው። በመዳፉ ጨብጦ ለሰበሰበው ግን 1ኛው ፍሬ ከ40ኛው ጋራ ጎን ለጎን ሊገኝ ይችላል። አብዛኛው ፕሮቲን ሥራውን የሚሠራው እንደዚሁ ተጠቅልሎ ነው። ስለዚህ የፍሬዎቹን ተራ ማወቅ የዕውቀቱ እኩሌታ ነው፤ ሌላው እኩሌታ ግን በክሩ ላይ ተራርቀው ሳሉ በጥቅሉ ውስጥ የተገናኙትን ማወቅ ነው።

የመጀመሪያውን እኩሌታ የከፈቱልን እንግሊዛዊው ሊቅ ፍሬድሪክ ሳንገር ናቸው። እርሳቸው በካምብሪጅ ብዙ ዓመት ደክመው የኢንሱሊንን 51 አሚኖ አሲዶች ተራ እስከ 1955 ድረስ አወቁ። ኢንሱሊን 21 እና 30 አሚኖ አሲዶች ያሉባቸው ሁለት ክሮች ሲኖሩት፣ ሁለቱ ክሮች በድኝ ማሰሪያዎች የተያያዙ ናቸው። ሳንገር የእያንዳንዱ ማሰሪያ ጫፍ ከየትኛው አሚኖ አሲድ እንደሚነሣና በየትኛው እንደሚያርፍ ጭምር ለዩ። ለዚህም ሥራቸው በ1958 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ጥያቄ፣ «ክሩ ትክክለኛ ጎረቤቶቹን እንዴት ያገኛል?» የሚል ነበር። አሜሪካዊው ክርስቲያን አንፊንሰን ከከብት ቆሽት የሚገኘውን ራይቦኒውክሊየዝ የተባለ ፕሮቲን ወስደው መረመሩ። ይህ ፕሮቲን 124 አሚኖ አሲዶች ሲኖሩት፣ ከነዚህ 8ቱ ሲስቲን የሚባሉት ሁለት ሁለት እየሆኑ በአራት የድኝ ማሰሪያ ይጣመራሉ። ሂሳብ የተማረ ሁሉ እንደሚያሰላው ስምንቱን ጥንድ ጥንድ ለማድረግ 105 መንገድ አለ፤ ትክክለኛው ግን አንድ ብቻ ነው። አንፊንሰን ማሰሪያዎቹን ፈትተው ክሩን በዩሪያ ከዘረጉት በኋላ ዩሪያውን ሲያስወግዱለት፣ ፕሮቲኑ ራሱ ተጠቅልሎ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ። ዩሪያው ሳይወገድ ማሰሪያዎቹ እንዲታሰሩ ሲደረግ ግን ጥንዶቹ ተዘበራረቁ፤ የቀረውም ኃይል ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ሆነ። ከዚህም የተነሣ የአጠቃለሉ ሥርዓት በክሩ ተራ ውስጥ ተጽፎ እንደሚገኝ ታወቀ። እርሳቸውም በ1972 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ።

ይሁን እንጂ የሚነካኩትን በዓይን እንደማየት ያለ ማስረጃ የለም። በካምብሪጅ ጆን ኬንድሩና ማክስ ፔሩትስ ኤክስሬይን በፕሮቲን ክሪስታል ላይ እየላኩ የሚበተነውን ጨረር ይለኩ ነበር። ኬንድሩ በ1958 ማዮግሎቢን የተባለውን የዓሣ ነባሪ ጡንቻ ፕሮቲን ለመጀመሪያ ጊዜ በደብዛዛው አሳዩ፤ በ1960 ደግሞ አጥርተው አወጡት። ፔሩትስም በዚያው ዓመት የሄሞግሎቢንን ቅርፅ ገለጹ። ሁለቱም በ1962 ተሸለሙ።

ማዮግሎቢን 153 አሚኖ አሲዶች ስላሉት ሊቈጠሩ የሚችሉት ጥንዶች 11,628 ናቸው። ከነዚህ ውስጥ በእውነት ጎረቤት የሆኑት ጥቂቶች ናቸው። ዛሬ ብዙ መርማሪዎች ሁለት አሚኖ አሲዶች ተነካኩ የሚሉት፣ ቤታ ካርቦን በተባለው አቶማቸው መካከል ያለው ርቀት ከ8 አንግስትሮም ሲያንስ ነው፤ አንድ አንግስትሮም ደግሞ የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ እጅ ነው። ጥንዶቹንም እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ባለ ሰሌዳ ላይ በነጥብ ያመለክታሉ። እንዲህ ያለው ምርመራ እንዳሳየው ውሃ የማይወዱት አሚኖ አሲዶች በብዛት ወደ ውስጥ ገብተው እርስ በርሳቸው ይጠጋጋሉ፤ ውሃ ወዳዶቹ ደግሞ በብዛት በውጭ ይቀራሉ። እያንዳንዱ ንክኪ ለብቻው ደካማ ነው፤ ነገር ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለው በአንድነት ፕሮቲኑን አጽንተው ይይዙታል።

ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ ማጭድ መሰል የደም በሽታን ይመልከት። ሊነስ ፖሊንግና ባልደረቦቻቸው በ1949 የዚህ በሽታ ምንጭ ሄሞግሎቢኑ ራሱ መሆኑን አስረዱ። ቨርነን ኢንግራም በ1956 እና በ1957 ልዩነቱ አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ መሆኑን አገኙ፤ 146 አሚኖ አሲዶች ባሉበት በቤታ ክር ላይ በ6ኛው ቦታ፣ ውሃ ወዳዱ ግሉታሚክ አሲድ ውሃ በማይወደው ቫሊን ተተክቷል። ይህ ትንሽ ለውጥ እንዴት ሰውን እስከ ሞት ያደርሳል? መልሱ የተገኘው ንክኪውን በመመርመር ነው። ዋርነር ላቭና ባልደረቦቻቸው ከ1975 ጀምሮ ባወጡት የክሪስታል ጥናት፣ ሄሞግሎቢኑ ኦክሲጅኑን ሲለቅ ይህ ቫሊን በጎረቤቱ ሄሞግሎቢን ላይ ባለች ጎድጓዳ ስፍራ እንደሚገባና በዚያም 85ኛውን ፌኒልአላኒንና 88ኛውን ሉሲን እንደሚነካ ታየ። በዚህ መንገድ ሄሞግሎቢኖቹ እየተያያዙ ረዥም ዘንግ ይሆናሉ፤ ቀዩ የደም ሕዋስም እንደ ማጭድ ይጎብጣል፤ ቀጫጭን የደም ሥሮችንም ይዘጋል። እንግዲህ ሕመሙ የመጣው መነካካት ያልነበረባቸው ሁለት ነገሮች ስለ ተነካኩ ነው።

ፅንስ በማኅፀን ሳለ የሚይዘው ሄሞግሎቢን ግን በንክኪ ቦታዎች ላይ የተለየ አሚኖ አሲድ ስላለው ከዘንጉ ጋራ በቀላሉ አይያያዝም። በ2023 በብሪታንያና በአሜሪካ የተፈቀደው አንዱ የጂን ሕክምናም የሕመምተኛው አካል ይህን የፅንስ ሄሞግሎቢን እንደገና አብዝቶ እንዲሠራ ያደርጋል።

የምርምሩ ታሪክ ግን በኤክስሬይ አልቆመም። የመጥረቢያው ቀዳዳ ከሰፋ እጀታውም መወፈር እንዳለበት፣ እንዲሁ በፕሮቲን ውስጥ አንዱ ጎረቤት በዘመናት ብዛት ሲለወጥ ሌላውም አብሮት ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ሊቃውንት በ1994 የብዙ ፍጥረታትን ተመሳሳይ ፕሮቲኖች አስተያይተው፣ አብረው የሚለወጡትን ጥንዶች በመፈለግ የሚነካኩትን ለመገመት ሞከሩ። አንደኛው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውን ስለሚከተል፣ አንደኛውና ሦስተኛው ሳይነካኩ የተነካኩ ይመስሉ ነበር። ይህን አሳሳች ዝምድና ከእውነተኛው ለመለየት ብርቱ የሂሳብ ዘዴ የወጣው በ2011 አካባቢ ነው። ከዚያም አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒውተር ዘዴ በ2020 ከክሩ ተራ ተነሥቶ የፕሮቲንን ቅርፅ እጅግ በቀረበ ሁኔታ ተነበየ። ሠሪዎቹ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር ከዴቪድ ቤከር ጋራ በ2024 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ነገር ግን አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም። ኮምፒውተሩ የተማረው ሰዎች በትዕግሥት ለክተው ካከማቹት ነው። ፕሮቲኖች የሚመዘገቡበት ዓለም አቀፍ መዝገብ በ1971 ሲከፈት 7 ቅርፆች ብቻ ነበሩት፤ በ2023 ግን ከ200,000 አለፉ። ከነዚያ ከእያንዳንዳቸው በስተጀርባ ክሪስታል ያበቀለ ወይም ነጥብ በነጥብ የለካ ሠራተኛ አለ።

ውድ ተማሪዎች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድን ነገር ለማወቅ ክፍሎቹን መዘርዘር ብቻ እንደማይበቃ ነው። ስሞችንና ተራን በቃል ማጥናት መጀመሪያ ነው፤ ዕውቀት የሚሆነው ግን የትኛው ከየትኛው ጋራ እንደሚገናኝና በመገናኘቱ ምን እንደሚከተል ስንጠይቅ ነው። በ146 መካከል የአንዱ መለወጥ ሰውን የሚያሳምም ከሆነ፣ ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቅ ጥያቄ የለም።