በኩላሊት እጥበት ላይ የሚገኙ ሕሙማን የሞት አደጋ አመላካቾች

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል በ2008 ዓ.ም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ቢከፈትም፣ ከአዲስ አበባው አየር ጤና አንስቶ እስከ ክልል ከተሞች በርካታ ሕሙማን በሕይወት የሚቆዩት በኩላሊት እጥበት ነው።

በዚህ ሕክምና ላይ ለሚገኙ ሰዎች የሞት አደጋን ከሚጠቁሙት የደም ምርመራዎች አንዱ የአልቡሚን ፕሮቲን መጠን ነው። እ.ኤ.አ በ1990 በአሜሪካ ከ12 ሺህ በሚበልጡ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት የአልቡሚን መጠን ባነሰ ቁጥር አደጋው እንደሚጨምር አመልክቷል።

የክሬያቲኒን ከፍ ማለት በሌላው ሰው የኩላሊት ድካምን ሲያሳይ፣ በእጥበት ላይ ባለ ሕመምተኛ ግን ዝቅ ማለቱ የጡንቻ መመናመን ምልክት ሊሆን ስለሚችል ያሰጋል። የትሮፖኒን ከፍ ማለት ደግሞ የልብ ጡንቻ ጉዳትን ይጠቁማል።

ውጤቶቹን በየጊዜው መከታተል ሐኪሙ የአመጋገብ ጉድለትን፣ ኢንፌክሽንንና የእጥበት ማነስን በወቅቱ እንዲያርም ያስችለዋል።