የጓሳ ሣርና የመንዝ አባቶች ሕግ

የአገር ታሪክ በተጻፈ ቁጥር የነገሥታቱ ሥራና የጦርነቱ ውሎ ይተረካል እንጂ፥ የሣርና የአይጥ ነገር ከታሪክ ተቆጥሮ ሲጻፍ እምብዛም አይታይም። ይሁን እንጂ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ደጋ ላይ፥ ሣርን ለመጠበቅ የወጣ አንድ ሕግ ከሦስት መቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ሲሠራበት ኖሯል። ሕጉ የወጣው ለሰው ጥቅም ነበር፤ ነገር ግን ሕጉን ያወጡት ሰዎች ምናልባት ያላሰቧቸውን ትናንሽ የዱር እንስሳት ጭምር ጠብቆ አኑሯል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለና በምን ምክንያት ሊፈርስ እንደ ደረሰ መመርመር፥ መሬትን ለሚያስተዳድርም ሆነ ልጆችን ለሚያስተምር ሰው ጠቃሚ ይመስለናል።

ጓሳ የሚባለው ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፥ ስፋቱም መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ውርጫም ደጋ ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው፥ ጓሳ ከተባለው ረጅም ሣር ነው። የመንዝ ሰው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፥ ገመድ ይገምዳል፥ ከዝናብ የሚከለልበትን ገሳ ይሠራል። ከሣሩ መካከል የሚበቅለውን ቁጥቋጦ ለማገዶ ይለቅማል፤ ድርቅ በመጣ ጊዜም ከብቱን የሚያተርፈው በዚሁ ሣር ነው።

በአካባቢው የሚነገረው አፈ ታሪክ እንደሚለው፥ በ17ኛው መቶ ዓመት አገሩን ያቀኑት አባቶች አስቦና ጌራ፥ ለእርሻ የሚሆነውን መሬት ለእርሻ ለይተው ጓሳ ለሣርና ለግጦሽ ብቻ እንዲጠበቅ ደነገጉ። ከዚያ ወዲህ በጓሳ የመጠቀም መብት ከእነዚህ አባቶች ለተወለደ ሁሉ የሚተላለፍ የጋራ ርስት ሆነ፤ ጥበቃውም ቄሮ ተብሎ ለሚጠራው ሥርዓት ተሰጠ። የቄሮው አለቃ በባለርስቶቹ የሚመረጥ ሲሆን፥ በእርሱ ትእዛዝ አቅም ያለው ሰው ሁሉ ወጥቶ ጓሳውን ይጠብቅ ነበር። ጓሳው አንድ ጊዜ ከተዘጋ ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ፥ ማጭድም ከብትም አይገባበትም። የሚከፈተውም የሣሩ ቁመትና የሕዝቡ ችግር ታይቶ በምክር ነው። በተዘጋበት ወራት ሲያጭድ ወይም ሲያሰማራ የተገኘ ሰው ይቀጣል። ሕጉን የሚያወጣውም፥ የሚጠብቀውም፥ ሕጉ ቢጣስ የሚጎዳውም ያው አንዱ ሕዝብ ስለ ነበረ፥ ከሩቅ የሚላክ ዘበኛ አላስፈለገም።

እንግዲህ ሣሩ ሳይታጨድ በሚቆይባቸው ዓመታት ከሥሩ ሌላ ኑሮ ይካሄዳል። ጓሳው እየጎፈረ እርስ በርሱ ሲተቃቀፍ ለዱር አይጦች መጋረጃ ይሆናቸዋል፤ ከንስር ዓይን ይሰውራቸዋል፥ ከሌሊቱም ውርጭ ያስጠልላቸዋል። ፍልፈልም ከመሬት በታች እየቆፈረ አፈሩን ስለሚገለብጥ ውሃው ወደ ውስጥ ይሠርጋል። ሣሩ ከጎለመሰ በኋላ በማጭድ ቢታጨድ ሥሩ አይነካምና መልሶ ያቆጠቁጣል። ከብት ያለ ማቋረጥ ቢሰማራበት ግን ሣሩ ያጥራል፥ አፈሩም በኮቴ ተረግጦ ይጠጥራል፥ የአይጡም ጉድጓድ ይናዳል።

አንባቢ ምናልባት «አይጥ ቢበዛስ ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። አይጥ ከሌለ ቀይ ቀበሮ የለም። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኝ ሲሆን፥ ለአካለ መጠን የደረሱት ሁሉ ቢቆጠሩ ከ500 እንደሚያንሱ ይገመታል። ምግቡም በአብዛኛው በቀን የሚንቀሳቀሱት የደጋ አይጦችና ፍልፈሎች ናቸው። በጓሳ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፥ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ ዝንጀሮዎች መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶው ሙከራ 67ቱ ሲሳካለት፥ ያለ መንጋው ሲያድን የሚሳካለት 25ቱ ብቻ ነው። ጭላዳው ሣሩን ይግጣል፤ ቀበሮውም ግልገሎቹን ሳይነካ በመካከላቸው ይመላለሳል። ይህ ሁሉ ማኅበር የቆመው በሣሩ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ የቄሮ ሥርዓት እንከን የሌለው አልነበረም። ከእነዚያ አባቶች ዘር ያልተቆጠረ ሰው ከጓሳው የመጠቀም መብት አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ይህን አድልዎ አስቀረ፤ የጓሳውም ነገር በገበሬ ማኅበራት እጅ ገባ። ነገር ግን ርስቱ ሲቀር ቄሮውም አብሮ ቀረ። መብቱ ለሁሉ ተዳረሰ፤ የጥበቃው ግዴታ ግን አብሮ አልተዳረሰም። ከዚህም የተነሣ ሁሉ የሚጠቀምበት ጓሳ ጠባቂ አጣ፤ ሣሩ ሳይጎለምስ ይታጨድ፥ ከብቱም ወቅት ሳይለይ ይሰማራበት ጀመር። በኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ ጉዳቱን አይቶ፥ ከየቀበሌው ተወካዮችን መርጦ ኮሚቴ አቋቋመ፤ የመዝጋትንና የመክፈትን ልማድም በአዲስ ደንብ መለሰው።

ይህን የመሰለ ነገር የታየው በመንዝ ብቻ አይደለም፤ በሩቅ አገር፥ ሣር ሳይሆን ደን በሚጠበቅበት በእንግሊዝም ታይቷል። በዚያ አገር ገበሬዎች ዛፉን ከሥሩ ቆርጠው ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ይተዉት ነበር፤ ይህም ባሕር ዛፍ ያለው የእኛ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው። ደኑን ከፋፍለው በየተራ ስለሚቆርጡት፥ አንዱ ክፍል ሲቆረጥ ሌላው ያድጋል። በሰፎክ አውራጃ በብራድፊልድ ደን ይህ ልማድ እ.ኤ.አ. ከ1252 ጀምሮ እንደ ተሠራበት ይነገራል። እንዲህ በተያዙት ደኖች ክብደቷ 20 ግራም ያህል የሆነች፥ የብርዱን ወራት በእንቅልፍ የምታሳልፍ፥ ጠጕረ ወርቃማ አይጥ መሰል እንስሳ ትኖራለች። ከቁጥቋጦው አበባና ፍሬ ትመገባለች፤ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየተሻገረችም ትጓዛለች። በ20ኛው መቶ ዓመት እንጨቱ ፈላጊ ሲያጣ ቆረጣው ተተወ፤ ትልልቆቹ ዛፎች ብርሃኑን ጋረዱት፥ ፍሬያማውም ቁጥቋጦ ከሥር መነመነ፤ ትንሿም እንስሳ ከብዙ አውራጃዎች ጠፋች። እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ እንደ ገና ወደ ደኖቹ እየመለሷት፥ የጥንቱንም የቆረጣ ልማድ እያደሱ ይገኛሉ።

በመንዝ ጉዳቱ የመጣው ያለ ልክ በመጠቀም ሲሆን፥ በእንግሊዝ የመጣው ፈጽሞ መጠቀምን በመተው ነው። ምክንያታቸው ተቃራኒ ቢመስልም በሁለቱም ስፍራ የጠፋው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ልክና ተራ ነው። ዱርን ለማኖር ሰውን ከዱር ማስወጣት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ ለሁሉ ክፍት ነው ብሎ መተውም እንዲሁ። የሚጠቅመው፥ ተጠቃሚው ራሱ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ የሚወስንበት፥ የወሰነውንም የሚጠብቅበት ሥርዓት ነው።

ስለዚህ ስለ መሬትም ሆነ ስለ ደን ደንብ የሚያዘጋጅ ሹም፥ «ማን ይጠቀምበታል?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ፥ «ማንስ ይጠብቀዋል?» የሚለውን ጥያቄ በዚያው ወረቀት ላይ አብሮ ሊጽፈው ይገባል። የ1967ቱ አዋጅ ለፊተኛው ጥያቄ መልስ ሰጥቶ ነበር። ለኋለኛው መልስ የሰጡት ግን፥ ሣሩ ሲያልቅ ቤታቸውን የሚከድኑበት እንደሚያጡ ያወቁት የመንዝ ገበሬዎች ናቸው።