የ13 ቀን ልዩነት

ሰሞኑን አንዲት የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ቲቸር፣ ለትኋን ብለን ቤቱን ማላታይን ረጭተን እዚያው አደርን። ጠዋት እማዬን ራሷን አዞራት፣ አፏን ምራቅ ሞላው፣ ዓይኗም ብዥ አለባት። ሽታው ነው ወይስ ሌላ ነገር?»

«መጀመሪያ ሐኪም ቤት ውሰጃት» አልኳት። ወሰደቻት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተሽሏታል። «ለምን?» ለሚለው ጥያቄዋ ግን መልሱ ረዘም ስለሚል፣ ይሄ ጠርሙስ ያለበት ቤትም ብዙ ስለሆነ፣ እዚህ ልጻፈው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ ናቸው።)

በአንድ የነርቭ ሴልና በሚቀጥለው መካከል ከፀጉር በሺህ ጊዜ የምትቀጥን ክፍተት አለች። መልእክት ይህችን ክፍተት እንዴት ይሻገራል? ከመቶ ዓመት በፊት ብዙ ሊቃውንት በኤሌክትሪክ ነው ይሉ ነበር። በኦስትሪያ፣ ግራዝ ከተማ ያስተምር የነበረው ኦቶ ሎዊ ግን በኬሚካል ቢሆንስ የሚል ጥርጣሬ ነበረው። ራሱ እንደተረከው፣ በፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ከእንቅልፉ ባንኖ ሐሳቡን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጫረ። ጠዋት ሲያየው የገዛ ጽሑፉን ማንበብ አቃተው! በማግስቱ ሌሊት ሐሳቡ ተመልሶ ሲመጣለት ጊዜ አላጠፋም፤ ተነስቶ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ።

ሥራው ቀላል ነበር። ሁለት የእንቁራሪት ልቦችን በጨዋማ ውሃ ውስጥ እየመቱ እንዲቆዩ አደረገ። የአንደኛውን ነርቭ ሲነካካው ልቡ ዘገየ። ከዚያ የዚህን ልብ ውሃ ቀድቶ ለሁለተኛው ሰጠው። ማንም ነርቭ ያልነካው ሁለተኛው ልብም ዘገየ። መልእክቱ ውሃው ውስጥ ነበር ማለት ነው። ይህን በ1921 አሳተመ። ኬሚካሉም አሴቲልኮሊን መሆኑ በኋላ ታወቀ።

ቀጥሎ የደረሰበት ግን ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ ይጠቅመናል። አሴቲልኮሊን መልእክቱን ካደረሰ በኋላ ወዲያው የሚጠርገው ኢንዛይም አለ። መልእክት ማድረስ ብቻ አይበቃም፤ ማብቃትም አለበት። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» የሚለው ጩኸት ባያቋርጥ ሹፌሩ እንዴት ይነዳል? ሎዊ ይህን ጠራጊ ለማስቆም የተጠቀመበት መድኃኒት የተገኘው ከእኛው አህጉር ነው፤ በዛሬዋ ናይጄሪያ፣ ካላባር አካባቢ፣ ተከሳሽን ለመፈተን ያጠጡት ከነበረ የባቄላ ዓይነት። ካስታወከውና ከተረፈ ንጹሕ ነው፣ ከሞተ ጥፋተኛ ነው ይባል ነበር።

ታኅሣሥ 10 ቀን 1936 ሎዊና እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል በስቶክሆልም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ልክ በ13ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 23፣ ጀርመን ውስጥ ጌርሃርት ሽራደር የተባለ ኬሚስት የተባይ ማጥፊያ ሲፈልግ ታቡን የተባለውን ነገር ሠራ። በጥር ጠብታዋ ፈሳ እሱና ረዳቱ የዓይናቸው ብሌን ጠበበ፣ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ለማገገም ሳምንታት ፈጀባቸው። መርዙ ያስቆመው ያንኑ ጠራጊ ነበር። ወሬው ለጀርመን ጦር ደረሰ፤ ታቡንም የመጀመሪያው የነርቭ ጋዝ ሆነ። (በዚያው ዓመት ጣሊያን በአባቶቻችን ላይ ያዘነበው ሌላ ነው፤ እሱ ቆዳና ሳንባ የሚያቃጥል የሰናፍጭ ጋዝ ነው።)

ሎዊስ? አይሁዳዊ ነበርና ናዚዎች በመጋቢት 1938 ኦስትሪያ እንደገቡ አሰሩት። ይገድሉኛል ብሎ ስለሰጋ ጠባቂውን ፖስትካርድ ለምኖ የመጨረሻ ግኝቱን ለሳይንስ መጽሔት ጻፈ። ከአገር የወጣውም የኖቤል ገንዘቡን ናዚዎች ወደሚቆጣጠሩት ባንክ እንዲያዛውር ተገዶ ነው።

እንግዲህ ማላታይን የታቡን የሩቅ ዘመድ ነው። ደካማ ዘመድ፣ እውነት ነው። የእኛ ጉበት ቶሎ ይሰባብረዋል፤ ትኋን ግን እንደኛ አይችልም። ለዚህ ነው የሚሸጠው። ነገር ግን በ1976 ፓኪስታን ውስጥ ለወባ መከላከል ማላታይን ከሚረጩ ወደ 7,500 ሠራተኞች 2,800 ያህሉ ታመሙ፣ ቢያንስ 5 ሞቱ። መርዙ ውስጥ ሌላ ቅመም ተፈጥሮ ነበር፤ ያ ቅመም ደግሞ የሰውነትን መከላከያ ያሽመደምዳል። ሙቀት ላይ ሲቀመጥ ይበልጥ ይጨምራል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዓመት የተቀመጠውን ጠርሙስ አስቡት።

የተማሪዬ እናት ላይ የታየው ይኸው ነው፤ ምራቅ፣ ብዥታ፣ ማዞር። ሲብስ ሳንባ በፈሳሽ ይሞላል፣ የመተንፈሻ ጡንቻ ይዝላል። ሐኪም ቤት አትሮፒን አለ፤ አሴቲልኮሊን የሚያንኳኳውን በር ይዘጋል። ስለዚህ የተረጨውን ነገር ስም ለሐኪሙ ንገሩ፣ ዕቃውን ይዛችሁ ሂዱ። ልብሱን አውልቁለት፣ ገላውን በሳሙና እጠቡት፤ የሚያጥበውም ባዶ እጁን አይሁን።

የተረጨ ክፍል ውስጥ አትደሩ። ለቅማል ብላችሁ ልጅ ራስ ላይ አታድርጉ። በለስላሳ ጠርሙስ አትገልብጡ፤ ልጅ ይጠጣዋል።

ትኋኑም እኛም ነርቫችን የሚነጋገረው በዚያው በአሴቲልኮሊን ነው። እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ያለውን ጠርሙስ የት እንዳስቀመጣችሁት እዩ።