የደሴ ዱቤ፣ የመርሳ ሱቅ፦ የቅርብ ጊዜ የንግድ ዕዳ በመክሰር ሕግ

በሰሜኑ ጦርነት ከነሐሴ 2013 እስከ ታህሳስ 2014 በዘለቀው ወረራ መርሳና ወልድያ ላይ ብዙ ሱቅ ተዘርፏል። ከደሴ አከፋፋይ በዱቤ የመጣ ስኳርና ዘይት ሳይሸጥ ተጫነ፤ ዕዳው ደብተር ላይ ቀረ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1793 ጦርነትን ከአቅም በላይ ከሆኑ ምክንያቶች ይቆጥራል። ይሁንና ዕቃው ከርክክብ በኋላ ቢጠፋ ጉዳቱ የገዢው ነው፤ ገንዘብ መክፈልም ከበደ እንጂ የማይቻል ሆነ አይባልም።

ታዲያ ነጋዴው ቢከስር በውድቀቱ ዋዜማ የተወሰደው ዱቤ ከቆየው ዕዳ በምን ይለያል? በምንም። መያዣ የሌላቸው አበዳሪዎች፣ የሦስት ዓመቱም የትናንቱም፣ ከተረፈው ሀብት እንደየድርሻቸው ይካፈላሉ። ሕጉ ቀን የሚቆጥረው ነጋዴው መክፈል ካቆመ ወዲህ ባደረገው ነገር ላይ ነው።

አንድ ቸርቻሪ መክፈል ካቃተው በኋላ ለቆየ ዕዳ ባጃጁን ለአማቹ አስረከበ እንበል። ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር አልፍሬድ ዦፍሬ ያረቀቀው የ1952 የንግድ ሕግ አምስተኛ መጽሐፍ እንዲህ በገንዘብ ፈንታ በዕቃ የተደረገን ክፍያ ውድቅ ያደርግ ነበር። ለአሮጌ ዕዳ አዲስ መያዣ መስጠትም እንደዚያው ነበር። ቀኑ የደረሰ ዕዳ በጥሬ ገንዘብ ከተከፈለ ግን ጥያቄው ተቀባዩ የነጋዴውን ሁኔታ ያውቅ ነበር ወይ የሚል ይሆን ነበር። መርሳን በሚያህል ከተማ አማች «አልሰማሁም» ቢል ማን ያምነዋል? መጽሐፉን የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013ም እንዲህ ያለውን አድልዎ የማፍረስ መንገድ ይዟል።

ባንክ ግን መያዣ ከሌላቸው አበዳሪዎች ሰልፍ ውጭ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 በመያዣ የያዘውን ቤት ራሱ በሐራጅ ይሸጣል።

በመርሳ ዙሪያ ያለው የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ደግሞ ምርቱን ስለሸጠ ብቻ በ1952ቱ ሕግ ነጋዴ አይባልም ነበር፤ ስለዚህ «ከሰረ» ተብሎ አይፈረድበትም ነበር። ዕዳው በተራ የፍርድ አፈጻጸም ይጠየቅ ነበር፤ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 404 ለኑሮው የግድ የሆኑትን ከብቶችና ዘሩን ከመያዝ ይጠብቅለታል። ለሱቅ ነጋዴው ጎረቤቱ ይህ ሳያስቀና አይቀርም።

በተግባር የመክሰር አቤቱታ እምብዛም አይቀርብም። ነገሩ በሽማግሌ ያልቃል፤ ቀድሞ የጮኸ ሙሉውን ይወስዳል፣ ዝም ያለው ባዶ እጁን ይቀራል። ሕጉ ሊከለክል የተነሳው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የዱቤ ጉዳይ የያዙ ሽማግሌዎች ከሳሹን ብቻ ሳይሆን በደብተሩ ላይ ስሙ የሰፈረውን አበዳሪ ሁሉ ይጥሩ።