የደርግ መዝሙርና የዘመኑ ሪሚክስ

እናቴ ከሽንዲ መጥታ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ በሰነበተችበት ሰሞን የወንድሜ ልጅ በስልኩ አንድ ሪሚክስ ከፈተ። ልጁ 19 ዓመቱ ነው፤ ከሽንዲ ያመጣነውም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሳ ነው። የከፈተው የደርግ ዘመን የሠራዊት መዝሙር ሲሆን የጭፈራ ቤት ምት ተጨምሮበታል። ምስሉ ደግሞ በሰኔ 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ ያለፈው የሚሊሺያ ሰልፍ ነው።

እንዲህ ያለው ቅንብር በዩቲዩብና በቲክቶክ ሞልቷል። ሙግቱም የታወቀ ነው፤ አንዱ ካራማራን ይጠራል፣ ሌላው ቀይ ሽብርን። ሁለቱም አልዋሹም። ጅጅጋ በየካቲት 1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጦር ስትለቀቅ የሕዝቡ ደስታ እውነተኛ ነበር፤ በዚያው ዘመን ግን የመንግሥት ሬዲዮ «ፍየል ወጠጤ»ን እያስቀደመ «አብዮታዊ እርምጃ» የተወሰደባቸውን ዜጎች ያውጅ ነበር። እኔም ብሆን ያን የመለከት ድምፅ ስሰማ ጠጕሬ እንደሚቆም አልክድም።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። የነሐስ መሣሪያዎቹ ከዓድዋ ድል ማግስት ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 2ኛ በስጦታ የመጡ ናቸው። ሽለላና ቀረርቶ ግን ከዚያ ቀድሞ የነበረ የገበሬው ሀብት ነው። የጎጃም ገበሬ ሲፎክር አባቱን ይጠራል፣ ወንዙን ይጠራል፣ ጠመንጃውን ሳይቀር ይጠራል። ደርግ የሽለላውን ወኔ ወስዶ ስሙን ጣለው፤ በመዝሙሩ የቀረው «እኛ» ብቻ ነው። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሺያ 300 ሺህ ገደማ እንደነበር ይጠቀሳል፤ አብዛኛው አራሽ ነበር። የኦጋዴኑ ጦርነት ሲያበቃ ብዙው ወደ ኤርትራ ተላከ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ መጣ፤ የገጠሩ ሰው ከአዋጁ ይልቅ የሚያውቀው አፈሳውን ነው።

ሪሚክሱ ደግሞ ፊቱንም ጣለው። ምስሉ ከምቱ ጋር ስለሚዘል አንድ ሰው እንኳ አንድ ሰከንድ አይቆይም። ይህን ያስተዋልኩት በእናቴ ነው። «ዝጋው» ትላለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ስልኩ ተጠጋች።

«እስኪ አቁመው ልጄ፤ ወንድም ዓለም ይኖርበት እንደሆነ ልየው» አለችው።

ታላቅ ወንድሟ ከሽንዲ ወደ ታጠቅ የሄደው በዚያው ዓመት ነው። አልተመለሰም፤ ፎቶግራፍም የለውም። ልጁ ደጋግሞ አቆመው፤ በቆመ ቁጥር የሚታየው የደበዘዘ ግራጫ ነበር። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ያልተቆራረጠውን ፊልም እየፈለገ ነው።